ያልላክሁት ዲስክ

ጥር 9

ለምወድሽ ለእህቴ ልጅ፣ ለጉንዳኔ፤

ጤናሽን ፈጣሪ ይጠብቅልኝ። የምትኖሪበት ቤት በሩ ለደግ ሰው ይከፈት፣ ለክፉ ይዘጋ። እኛ ከእኔ ጉልበትና ከባለቤቴ ምላስ በቀር ደህና ነን።

ብዕር ያነሳሁት ላመሰግንሽ ነው። የላክሽልኝ ሃርድ ዲስክ ደርሶኛል። ዋርሳሽ፣ ስልክ ነጋዴው፣ ራሱ ቤቴ ድረስ ይዞት መጣ። «ወንድሜና ሚስቱ ተባብረው የላኩልዎት ነው» አለኝ። ሁለት ቴራ ይላል ጀርባው ላይ። በጊዜው ደረስሽልኝ። አንቺው አግብተሽ ውጭ አገር ልትሄጂ ሰሞን የገጠምሽልኝ አምስት መቶ ጊጋ ሰርግ በሰርግ ላይ ተደራርቦበት ሞልቷል። አንዷን ሙሽራ ለማስገባት ሌላዋን ማስወጣት ሆኗል ሥራዬ። ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት የልጃቸውን ቪዲዮ ሊያዩ መጥተው፣ ሙሽራዋ አንድ እግሯን መኪና ውስጥ እንዳስገባች ስክሪኑ ደርቆ ቀረ። ሴትዮዋ አጠገቤ ተቀምጠው «ልጄ የምትገባው መቼ ነው?» ሲሉኝ ዋሉ።

ዲስኩን የሚገጥም ባለሙያም ዋርሳሽ እልካለሁ ብሏል። ደግ ሰው ነው። ሰርግ ያለበትን ቤት ሁሉ የሚጠቁመኝ እሱ ነው። የሥራ ልብስ ለብሰሽ የተነሳሽውን ፎቶ እንደላክሽልኝ ስነግረው ላየው ብሎ ነበር፤ ኮምፒውተሩ እምቢ አለኝ። አዲሱ ዲስክ ሲገባ እንደልቡ ያያል።

አንቺን ግን ልቀየምሽ ነው። ከፎቶው ጋር ሁለት መስመር ጻፍሽ፣ «ደብዳቤ በጓደኛዬ ፖስታ ሳጥን ላኩልኝ» አልሽ፣ ከዚያ ስልክሽ ዝም አለ። የራስሽ ቤት እያለሽ የማላውቃት ሴት ሳጥን ውስጥ የምጽፈው ለምንድን ነው? ባለቤትሽስ እንዴት ነው? ከዓመት በላይ ስሙን አላነሳሽልኝም። ዲስኩን ስትልኪ እንኳ አንዲት ቃል አልጨመርሽበትም።

የእናትሽ ወንድም


ጥር 30

ለማከብርዎ አጎቴ፤

እንደምን ሰነበቱ? እትዬስ እንዴት ናቸው? ጉልበትዎን ፈጣሪ ያበርታልዎ። እኔ ደህና ነኝ። እጄን ትንሽ ስላመመኝ ይህን የጻፍኩት በኮምፒውተር ነው፤ እንዳይቀየሙኝ።

ጋሼ፣ እኔ ምንም ዲስክ አልላክሁም።

እባክዎ የላክሁት ነው የተባለውን ዕቃ ሳጥኑን ሳይከፍቱ ያስቀምጡት። የተላከው ባለሙያ ኮምፒውተሩን እንዳይነካ። ያን የሥራ ቦታዬን ፎቶ ያጥፉት። ለዋርሳዬ አያሳዩት፤ መጻፌንም አይንገሩት። ምክንያቱን አሁን አይጠይቁኝ።

በዚሁ ሳጥን ይጻፉልኝ። ስለ ሌላው ጥያቄዎ ሌላ ጊዜ እመልስልዎታለሁ።

የእህትዎ ልጅ


የካቲት 19

ይህን ለምታነቢው፤

የሰላምታው ነገር ይቆየኝ። ለማን ሰላምታ እንደማቀርብ እርግጠኛ ስሆን የቀረውን እሞላዋለሁ።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። ባለሙያው መጥቶ ሄዷል። ትከሻው ላይ ትልቅ ቦርሳ ያንጠለጠለ ጎልማሳ ነው፤ ባለቤቴ «ባለ ቦርሳው» ብላዋለች። እኔ ሰርግ ልቀርጽ ወጥቼ ነበርና ያየችውን እንደነገረችኝ ልንገርሽ።

ኮምፒውተሩን ፈታው፣ አዲሱን ዲስክ ከአሮጌው ጎን በገመድ አገናኘው። «ያለው ሁሉ አንድ ጠጉር ሳይቀር ወደ አዲሱ ይገለበጣል፤ ቀኑን ሙሉ ስለሚፈጅ እርስዎ ሥራዎን ይሥሩ እናቴ» አላት። «ሥራዬ አንተን ማየት ነው» ብላ ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ሲነሳ ተነሳች፣ ሲቀመጥ ተቀመጠች። ምሳዋን እንኳ ከጎረቤት አስመጥታ እዚያው በላች። መቼም ታውቂያታለሽ፤ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ሳትል ውላ አታድርም።

ማምሻውን ሲጨርስ አሮጌውን ዲስክ ነቅሎ ወደ ቦርሳው አስጠጋው። «ይኼ አሮጌ ነው፣ ልጣልልዎት» አላት። «አሮጌ ነገር የሚጣል ቢሆን እኔና ባሌም እዚህ ባልተገኘን» ብላ ከእጁ ወሰደችው። የት እንዳስቀመጠችው ለእኔም የነገረችኝ በስንት ልመና ነው፤ የባቄላ ጆንያ ውስጥ ነው።

እኔ ስመለስ ኮምፒውተሩን ከፈትኩት። ሰርጎቹ ሁሉ አሉ። ግን ጉድ ነው፤ አዲሱም ዲስክ አምስት መቶ ጊጋ ነኝ ይላል። ሁለት ቴራ የተባለው ውሃ ሆኖ ፈሰሰ። ባለ ቦርሳውን ደውዬ ብጠይቀው «ዲስኩን ሱቅ ወስጄ ልክፈተው፣ ሦስት ቀን ይበቃኛል» አለኝ። በሳጥኑ ላይ ትልቅ ጽፈው ትንሽ ሸጠውልኝ ይሆን? ወይስ ባለ ቦርሳው እዚሁ ለወጠብኝ? ወይስ ከመነሻው የላከው ሰው አታለለኝ? ይኸው እንቅልፍ አጥቻለሁ።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ዋርሳሽ «ትናንት ከሁለቱም ጋር አወራሁ፣ ሰላም ናቸው፣ ዲስኩንም የመረጠችው እሷ ናት» ይለኛል። አንቺ ደግሞ አልላክሁም ትያለሽ። ከሁለት አንዳችሁ ትዋሻላችሁ። ዋርሳሽን ፊት ለፊት አየዋለሁ፤ አንቺን ግን የማይሽ በታተመ ወረቀት ነው። የእኔ ጉንዳን ስትጽፍ ፊደሏ መስመር ይስታል፣ «ሰ»ን እንደ ቆመ በርጩማ ታደርጋታለች። ይህ ደብዳቤ ግን የመንግሥት ማስታወቂያ ይመስላል። ባለቤቴም አንብቤላት ስትሰማ «ይህ የእሷ አነጋገር አይደለም፣ ልጅቱ ቀልድ ሳትጨምር ሰላም እንኳ አትልም» አለች። ደግሞ ሌላም ነገር አለች፦ «ባሏ አብሯት እያለ ፎቶዋን ከእኛ የሚፈልጉት ምን ሊያደርጉት ነው?»

ስለዚህ ልጠይቅሽ። ልጅ ሳለሽ መብራት ትይዢልኝ የነበረ ጊዜ፣ ከአናጢው ልጅ ሰርግ ስንመለስ ሙሽራዋ ጆሮሽ ላይ ያንሾካሾከችውን ነግረሽኝ ነበር። ከእኔና ከአንቺ በቀር የሰማ የለም። ምን ነበር ያለችሽ? ይህን ከመለስሽ አንቺ ነሽ። ካልመለስሽ፣ ማን እንደሆንሽ ባላውቅም ቤቴን ተይልኝ።


መጋቢት 12

ጋሼ፤

«የጓሮው በር የት ነው?» ነበር ያለችኝ።

እኔም በጣቴ ላሳያት ስል ሚዜዎቿ መጡ። መንገድ ላይ ስነግርዎ «ሙሽራ ሁሉ ይጨንቃታል፤ አንቺ መብራትሽን ቀጥ አድርገሽ ያዢ» አሉኝ። በቃዎ?

እኔን ለማመን ምልክት ጠየቁኝ። ዋርሳዬን ግን ምን ጠየቁት? ሰርግ ስለሚጠቁምዎ ቃሉ ያለ ምስክር ይታመናል፤ የእህትዎ ልጅ ግን ከአሥር ዓመት በፊት የሰማችውን ወሬ ማምጣት አለባት። ሰው ወደሚበላበት ያደላል ሲባል እሰማ ነበር፤ በእርስዎ ግን አላስበውም ነበር።

ደብዳቤዬ የታተመው የቀኝ እጄ አንጓ ተሰብሮ ደህና አድርጎ ስላልገጠመ ነው። ብዕር ስይዝ ሁለት መስመር እንደጻፍኩ ይደነዝዛል። የሰበረው ባሌ ነው። በር ላይ አድርጎ ነው የሰበረው፤ ዝርዝሩን አልጽፍልዎም። የመጀመሪያውም አልነበረም። ባለፈው ሐምሌ እሱ ሥራ ሲሄድ በለበስኩት ወጥቼ ሌላ ከተማ ገባሁ። ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ሥራ ሳገኝ እንዳያስቡ ብዬ ያን ፎቶ ላክሁልዎ። ከጀርባዬ የሆስፒታሉ ስም የተጻፈበት በር እንዳለ ያየሁት ከላክሁ በኋላ ነው። ከዚያ ስልኬን ጣልኩት።

እሱ ከሐምሌ ጀምሮ ይፈልገኛል። እንግዲህ ዋርሳዬ ትናንት ከሁለታችንም ጋር ያወራው በሕልሙ ይሆናል። ዲስኩም የመጣው ለእርስዎ ሰርግ ታዝኖ አይደለም። እትዬ ፊት ለፊት ባይቀመጡ ኖሮ ባለ ቦርሳው የዚያኑ ቀን ፎቶዬን ይዞ ይሄድ ነበር።

ስለጠፋው ቦታ ይተኙ፤ ማንም አልሰረቀዎትም። አንድ ዲስክ እንዳለ ወደ ትልቅ ዲስክ ሲገለበጥ የአሮጌው ስፋት ጭምር ይገለበጣል። ከጠባብ ቤት ወጥቶ ሰፊ ቤት የገባ ሰው ዕቃውን ሁሉ አንዲት ክፍል ውስጥ አጭቆ የሌሎቹን ክፍሎች በር ሳይከፍት እንደተቀመጠ ይቁጠሩት። የዲስኮቹን ዝርዝር የሚያሳየውን መስኮት ቢከፍቱ፣ ሰማያዊ መስመር ካለበት ሳጥን ቀጥሎ ጥቁር መስመር ያለበት ባዶ ሳጥን ያያሉ። የጠፋብዎ እሱ ነው። ሰማያዊውን በቀኝ ጠቅ አድርገው «አስፋ» የሚለውን መጫን ብቻ ነው። ባለሙያ ነኝ ያለ ሰው ይህን አያጣውም። ሆን ብሎ የተወው ዲስኩን ይዞ ለመሄድ ነው። እባክዎ ከቤት እንዳይወጣ።

እኔም ከሆስፒታሉ ወጥቻለሁ። አሁን ወደብ ከተማ ዓሳ ማሸጊያ ፋብሪካ ገብቻለሁ። ይህን ከእርስዎ በቀር ለማንም አልተናገርኩም።

ጉንዳን


ግንቦት 20

ለአጎቴ፤

ከመጋቢት ወዲህ መልስ አልሰጡኝም። አሁን መልሱን በሌላ መንገድ አግኝቼዋለሁ።

ወደብ ከተማ ረግጬ አላውቅም። ዓሳ ፋብሪካም አልገባሁም። አብራኝ ልብስ የምታጥፍ አንዲት ሴት እህቷ እዚያ ፋብሪካ ውስጥ ትሠራለች፤ ያንን ቦታ የመረጥኩት ለዚህ ነው። ከእርስዎ በቀር ለማንም ያልነገርኩትን ነገር ለእርስዎ ነግሬ፣ ማን እንደሚመጣ ልይ አልኩ።

መጣ። ባለፈው ሳምንት የፋብሪካው በር ላይ ሁለት ቀን ሙሉ ቆሞ የምትወጣውን ሴት ሁሉ ፊት ፊቷን ሲያይ ዋለ። ዘበኛውን በስሜ ጠየቀው። «ባለቤቴ ናት፣ ታማብኝ ነው፣ አእምሮዋ ልክ አይደለም» አለው። የሴትዮዋ እህት ጫማው ሳይቀር ያየችውን ሁሉ ነገረችን። እሱ ነው።

ጋሼ፣ የጠረጠርኩት እንዲሆን አልፈለግኩም ነበር። ማታ ማታ ተሳስቼ እንዲሆን እለምን ነበር። እናቴ ስትሞት እጄን ይዘው ከመቃብር የመለሱኝ እርስዎ ነዎት። ለሱ ሲነግሩት ምን ብለው እንዳሰቡ ማወቅ እፈልጋለሁ። ሊያስታርቁን ብለው ነው? ወይስ ባል ያላት ሴት ከቤቷ መውጣት አይገባትም ብለው? ወይስ እንዲሁ በጨዋታ መካከል አመለጠዎ?

ለእትዬ ሰላምታዬን ይንገሩልኝ። ከእንግዲህ በዚህ ሳጥን አይጻፉ።


ሰኔ 11

ለእህቴ ልጅ፣ ለጉንዳኔ፤

ይህን ደብዳቤ በፖስታ ቤት አልላክሁትም። የልብስ ሰፊዋ ልጅ ወደ እናንተ አገር ስለምትሄድ በጡት መያዣዋ ውስጥ ሰፍታ እንድታመጣው ባለቤቴ አስምላታለች። ለጓደኛሽ በእጇ ትሰጣታለች። ዘግይቼ ዝም ያልኩትም ለዚህ ነው፤ ዋርሳሽ «ደብዳቤ በየትኛው ሳጥን ነው የምትልኩላት?» ብሎ ሁለት ጊዜ ጠይቆኛል። ፖስታ ቤት የሚሠራ ዘመድ እንዳለው ደግሞ አውቃለሁ።

አዎ፣ የነገርኩት እኔ ነኝ። አምልጦኝም አይደለም። እስከ መጨረሻው አንብቢኝና ከዚያ ፍረጂ።

የመጋቢቱ ደብዳቤሽ ሳይደርስ ዋርሳሽ ባለ ቦርሳውን አስከትሎ መጣ። ሙሽሮቹ ቪዲዮ ይጠብቁ ነበር፣ ኮምፒውተሩም ሞልቶ አላላውስ ብሎኝ ነበር። እንዳጠፋው ያልሽኝን ፎቶ አጥፍቼ፣ ከእንግዲህ ምን ያገኛሉ ብዬ አዲሱን ዲስክ ሰጠኋቸው። ባለቤቴ በር ላይ ቆማ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ብላኝ ነበር፤ አልሰማኋትም። የተሰረዘ ነገር ዲስክ ላይ እንደሚቀር፣ የሚያውቅ ሰውም መልሶ እንደሚያወጣው እኔ ከየት ልወቅ? ለእኔ ጠፋ ማለት ጠፋ ነው።

በሦስተኛው ቀን መለሱልኝ። ሰፍቶ መጣ፣ ሁለት ቴራ ሆኖ። ዋርሳሽም ደስ ብሎት ሻይ ልጋብዝዎ አለኝ። ሻዩን እየጠጣን «የምትሠራበት ሆስፒታል በሩ እንዴት ያምራል» አለኝ። ብርጭቆዬን አስቀመጥኩት። ስለ ሆስፒታል ለሱ ነግሬው አላውቅም፣ ጉንዳኔ። ፎቶ ላከችልኝ አልኩት እንጂ የት እንደተነሳሽው አልነገርኩትም። እሱም ወዲያው ገባውና ወሬ ቀየረ። እኔም እንዳልሰማ ሆኜ ስኳር ጨመርኩ።

ቤት ስገባ ደብዳቤሽ ደርሶ ባለቤቴ ይዛው ተቀምጣለች። አነበብኩላት። ስለ እጅሽ ያለው ጋ ስደርስ አቁም አለችኝ፣ ተነስታ ወጣች፣ ፊቷን ታጥባ ተመለሰች። ያልሽኝን ሁሉ ተቀብያለሁ። ስለ ሙሽራይቱም፣ ስለ ዋርሳሽም።

መጨረሻው ላይ ግን «ዓሳ ፋብሪካ ገብቻለሁ» ትያለሽ። ባለቤቴ ሳቀች። እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች። አንቺ ዓሳ ነጋዴው ደጃፍ ስታልፊ አፍንጫሽን ይዘሽ የምትሮጪ፣ የዓሳ ምግብ በቀረበበት ሰርግ መብራቴን ጥለሽ ወጥተሽ ያስመለሰሽ ልጅ፣ ቀኑን ሙሉ ዓሳ ልታሽጊ? «ይቺ ልጅ ውሸቷን ነው» አለች። «ወይ እየፈተነችህ ነው፣ ወይ ለሌላ ሰው እንድትነግርላት ነው። በሁለቱም መንገድ ግን እዚያ የለችም።»

እኔም አሰብኩት። የሆስፒታሉን በር አይተዋል። ባልሽ ነገ ተነስቶ እዚያ ሊቆም ይችላል። ለአንቺ የምጽፈው ደብዳቤ ሳምንታት ይፈጃል፤ ስልክ የለሽም። በእጄ ያለው አንድ ነገር አንቺው የሰጠሽኝ ውሸት ነው። በማግስቱ ዋርሳሽ ሱቅ ሄድኩ። ስልኬ ተበላሽቷል ብዬ አሠራሁት፣ ተጫወትን፣ በመሃል «ምስኪን፣ ከሆስፒታሉ እንኳ ወጥታ ወደብ ዓሳ ታሽጋለች አሉ፤ ሰው እንዳይሰማ ብላኛለች» አልኩት። አፌን በእጄ ያዝኩ፣ ያመለጠኝ መሰልኩ። ዓይኑ ሲበራ አየሁት።

ሁለት ወር ሙሉ ግን ሌሊት እየተገላበጥኩ ነው ያነጋሁት። ተሳስቼ ቢሆንስ? ዓሳውን ችለሽው፣ በእውነት እዚያ ገብተሽ ቢሆንስ? የግንቦቱ ደብዳቤሽ ሲደርስ፣ ስድቤን እያነበብኩ «ተመስገን» የምል ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ፈተንሽኝ አልቀየምሽም። እኔም ፈትኜሻለሁ። አሁን ግን ፈተናው ይብቃና ስሚኝ፦ ወደቡ ላይ ሲያጣሽ ወደ ሆስፒታሉ ይመለሳል። ዛሬውኑ ልቀቂ። የምትሄጂበትንም ለእኔ እንዳትነግሪኝ። በስም፣ በፎቶ፣ በፍንጭም ቢሆን። የማላውቀውን ማንም ከእኔ አያወጣውም።

አዲሱን ዲስክ ነቅዬ ለዋርሳሽ መልሼለታለሁ፤ «ሥራዬ አሮጌውን ለመደ» አልኩት። ከባቄላው ጆንያ አሮጌውን አውጥተን ገጥመነዋል። ይኸው ደግሞ እንደበፊቱ ሞልቶ ቆሟል።

የእናትሽ ወንድም


ሐምሌ 2

ለምወድዎ ለጋሼ፣ ለምወድዎ ለእትዬ፤

እድሜያችሁን ያርዝምልኝ። ደብዳቤያችሁን ጓደኛዬ ቤት ሳነብ የማደርገው ጠፍቶኝ የልብስ ሰፊዋን ልጅ አቅፌ ስጨምቃት፣ «ቆይ እስኪ፣ ገና መርፌው አልወጣም» አለችኝ።

በማግስቱ ለቀቅኩ። የልብስ ማጠቢያው ኃላፊ በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው፤ ስነግራቸው ምንም አልጠየቁኝም፣ ሌላ ቦታ ለሚያውቁት ሰው እንዲቀጥረኝ ወረቀት ጽፈው ሰጡኝ። ከሄድኩ በኋላ በሩ ላይ መጥቶ ነበር አሉ። «እንዲህ ያለች ሠራተኛ የለችንም» ብለውታል፤ እውነታቸውን ነው።

ስለ ግንቦቱ ደብዳቤ ምን እላለሁ? ሰው ሁሉ እሱን እየመሰለኝ ኖሬያለሁ። አውቶቡስ ላይ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው፣ ያከራየችኝ ሴት፣ ሳጥኗን ያዋሰችኝ ጓደኛዬ ሳትቀር። እርስዎም ከመካከላቸው ነበሩ። ይቅር ይበሉኝ።

ይህን በምታደርስልዎ ሴት እጅ ሃርድ ዲስክ ልኬያለሁ። ይኼኛው የእኔ ነው። ሴትዮዋ ስለ እኔ ምንም አታውቅም፣ አይጠይቋት። አሁን እባክዎ እንደ ባለ ቦርሳው እንዳለ አይገልብጡት። እንዳለ የተገለበጠ ዲስክ የተሰረዘውንም፣ የተረሳውንም አዝሎ ይመጣል። አዲሱን ባዶውን ይግጠሙና ኮምፒውተሩን የሚያስነሳውን ሲስተም በተውኩልዎ ሲዲ እንደ አዲስ ይጫኑበት፤ እኔ ስገጥም አጠገቤ ተቀምጠው አይተዋል፣ ቀስ ብለው ይችሉታል። ከዚያ ከአሮጌው የሚፈልጉትን ብቻ፣ ሰርጉን አንድ በአንድ እየመረጡ ያሻግሩ። የኔን ሰርግ እዚያው ይተዉት። ሲጨርሱ አሮጌውን መስበር ነው፤ መሰረዝ ብቻ አይበቃም።

የት እንዳለሁ አልነግርዎትም።

ጉንዳንዎ


መስከረም 6

ለጉንዳኔ፤

አዲሱ ዓመት እጅሽን የሚያድስ፣ እንቅልፍሽን የሚመልስ ይሁንልሽ። ደብዳቤው እንደ ሰኔው በሰው እጅ፣ በጓደኛሽ በኩል ይደርስሻል።

ያልሽኝን አድርገናል። ሲስተሙን ለመጫን ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ፤ አንድ ጊዜ ስክሪኑ ሰማያዊ ሆኖ ቀርቶ ባለቤቴ ሬዲዮ ጠጋኙን ካልጠራህ ብላኝ ነበር፣ ከቤቴ ሰው አይገባም ብዬ ራሴው አስነሳሁት። ከዚያ ሰርጎቹን ማሻገር ጀመርን። እሷ አጠገቤ ተቀምጣ «ይቺ ወልዳለች፣ ይግባ፤ እነዚህ ተፋተዋል፣ ግን እናትየዋ ቪዲዮውን ትጠይቃለች፣ ይግባ» እያለች ስንት ቀን ፈጀን። ያንቺ ጋ ስንደርስ ተያየን። አለፍነው። አሮጌውን ዲስክ ጓሮ ወስዳ በዘነዘና ሰባበረችው። እኔ ሦስት ጊዜ ይበቃል ስላት እሷ ገና አልበቃትም ነበር።

ይህን የምጽፍልሽ ግን ባለፈው እሑድ የሆነውን ለመንገር ነው። ዋርሳሽ መጣ፤ ብቻውን አልነበረም። ባልሽ አብሮት ነበር። አገር ቤት ለዕረፍት መጣሁ አለ። ከስቷል፣ ሱፍ ለብሷል፣ ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ ሲል አነሳሁት። ባለቤቴ ውሃ እንኳ አላቀረበችም፤ ተነስታ በሩ ላይ ተቀመጠች።

«አባባ» አለኝ፣ «ሚስቴ ታማብኛለች። ያለችበትን የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት።»

«ከማን ሰማህ?» አልኩት።

«ትጽፍልዎታለች።»

«ጽፋልኝ ነበር። ወደብ ነኝ አለችኝ። ሄደህ አላገኘሃትም?»

ዋርሳሽ መሬት አየ። ባልሽ ግን ኮምፒውተሩን ያይ ነበር። «ይቅርታ ያድርጉልኝና ልይ?» አለ። እንቢ ብለው «ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ» ይለኛል ብዬ ወንበሩን ለቀቅኩለት። ተቀመጠ። የፎቶውን ማስቀመጫ ከፈተ፤ ሙሽሮችና የልደት ኬኮች ብቻ። የተሰረዘውን የሚያወጣ ነገር በትንሽ ፍላሽ ይዞ መጥቶ ኖሯል፣ ሰካው፣ አስኬደው። ባዶ ነው፤ ያልተጻፈበት ዲስክ ምን ይተፋል? እጁ የኮምፒውተሩን ማውስ ጨምድዶ ሲይዝ አየሁ፣ የዚያ እጅ ነገር ትዝ አለኝና ወደ ውጭ ተመለከትኩ።

ከዚያ የሰርጎቹን ዝርዝር ከላይ እስከ ታች ወረደው። እንደገና ወጣው። «የኛስ ሰርግ?» አለኝ።

«ስንሸጋገር ቀረ» አልኩት።

በመጨረሻ ዋርሳሽ ጉሮሮውን ጠራርጎ «እንግዲያስ ይማሉልን። የት እንዳለች አላውቅም ብለው ይማሉልን፣ እንሄዳለን» አለ። መሐላ እንደምፈራ ያውቃል። በስንት ዓመት ወዳጅነት ውስጥ በውሸት ስምል አላየኝምና፣ እዚያ ላይ ይይዘኛል ብሎ ነው።

ተነሳሁ። ጉልበቴ አላመመኝም። እጄን በእናትሽ ፎቶ ላይ አድርጌ፣ ድምፄን ሳልቀንስ፣ የት እንዳለሽ እንደማላውቅ ማልኩ። ከተማውን አላውቅም፣ ሰፈሩን አላውቅም፣ የምትሠሪውን አላውቅም። አንድ በአንድ ማልኩላቸው። ባልሽ ፊቴ ላይ ውሸት ሲፈልግ፣ ሲፈልግ፣ አጣ። ተነስተው ወጡ። ባለቤቴ መቀርቀሪያውን ወረወረችው።

ሽማግሌ ሆኜ እንዲህ አፌን ሞልቼ የማልኩበት ቀን አላስታውስም። የት እንዳለሽ አላውቅም፣ ልጄ። ደህና ሁኚልኝ።

የእናትሽ ወንድም